ተራው ያለፈው የውሃ አባት

ከመርሳ ከተማ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙን ተከትለው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ገበሬዎች አንድ የጋራ ቦይ አላቸው። ቦዩ አንድ፣ ውሃ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ፣ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍል ሰው ከመካከላቸው ይመርጣሉ፤ ሰውየውንም የውሃ አባት ይሉታል። ማዕረጉ ሲሰሙት ያምራል። ደመወዝ ግን የለውም፤ አዝመራ ሲሰበሰብ ከየማሳው ትንሽ ትንሽ ያነሱለታል፣ በተረፈ ዓመቱን ሙሉ የሚደርሰው ወቀሳ ነው። አብዱልጀሊል ይህን ወቀሳ ያለ ምሬት ሲጠጣ የኖረ ሰው ነው።

ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ሁለት ገበሬዎች ዶማ አንስተው ሲፋጠጡ መሃል ይገባና አንዱን "አብሽር ወንድሜ"፣ ሌላውን "ተው እስቲ የኔ ጌታ" እያለ ዶማዎቹን መሬት ያስነካቸዋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በእኩል ያምነዋል። ስሙ ሲነሳ "እሱ ሰውዬ ቁጣ የሚባል አልፈጠረበትም" ይባላል። ይህን የሚሉት ሰዎች ግን የቤቱን በር አንኳኩተው ሚስቱን ረሂማን ጠይቀው አያውቁም።

ስለ ፍርዱ አንድ ነገር ላውራ፣ ኋላ ያስፈልገናልና። ስዩም የሚባል ጎረምሳ ገበሬ ተራው ሳይደርስ ውሃ ወደ ማሳው ሊሻማ ሲል ቦዩ አመለጠው፤ ጎርፉም የጎረቤቱን የሞገስን አዲስ የተተከለ የሽንኩርት ችግኝ ገፍቶ አስተኛው። በማግስቱ ስዩም ግማሽ ኩንታል ማዳበሪያ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። አብዱልጀሊል ግን ማዳበሪያውን አላስወረደውም።

"ይዘኸው ተመለስ" አለው በዚያ በለሆሳስ ድምፁ። "ሕጋችንን ታውቃለህ። የጎዳኸው ችግኝ እስኪያገግም ተራህ ያልፋል። ሲያገግም ቦዩን የሚከፍትልህ ሞገስ ነው። አንተ አትከፍተውም፣ እኔም አልከፍተውም።"

"መቼ ነው የሚያገግመው?"

"እሱን ችግኙ ያውቃል። ሄደህም እንዳትጨቀጭቀው።"

በዚያን ቀን ምሳ ይዛለት የመጣችው ትልቋ ልጁ ነሲባ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ስትሰማ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የሰማችውን የማትረሳ ልጅ ናት። ወደ ቤት ሲመለሱ "አባ፣ ሞገስ ባይከፍትለትስ?" አለችው።

"አለመክፈት መብቱ ነው።"

"ስዩም ታዲያ ምን ይሆናል?"

"ይጠብቃላ! የሰው ነገር አበላሽቶ መቸኮል ምን የሚሉት ነው?" አላትና ሁለቱም ሳቁ። ሞገስ ወሩ ሲያልቅ ከፈተለት። አብዱልጀሊልም ነገሩን ረሳው።

እንዲህ ያለው ሰው ቤቱ ውስጥ ሚስቱን ይመታ ነበር። ነገሩን ማለሳለስ አይገባም። ረሂማን መትቷል፣ ሳህን ወርውሯል፣ በር ገንጥሏል። ከድሮም እንዲህ አልነበረም ማለት ለእሱ ጥብቅና መቆም ይመስላል፤ ቢሆንም እውነት ነውና ይነገር። ነሲባ የተወለደች ጊዜ ማሳ ለማሳ በትከሻው ይዟት የሚዞር አባት ነበር። የአሮጌ ዶማ እጀታ አሳጥሮ ቆርጦ በልኳ ሠርቶላት፣ ከመደብ ወደ መደብ ውሃ መመለስ አስተምሯታል። ማታ ሲገባ ገና ከመንገዱ ጠምዘዝ ሲል "ነሲባ!" ብሎ ይጣራል፤ "አቤት!" ብላ ሮጣ ትመጣለች። ታናሿ ናጅዋ ስትወለድ ጥሪው ሁለት ስም ሆነ። ጎረቤት እንኳ በዚያ ጥሪ መምሸቱን ያውቅ ነበር።

ያኔ ከወንዙ ማዶ የተከራየው ሰፋ ያለ ማሳ ነበረው፤ የሚያጠጣውም በራሱ የውሃ ሞተር ነበር። ጦርነቱ መርሳ የደረሰ ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሸሸ። ሲመለስ ሞተሩ ከታሰረበት ቦታ ብሎኖቹ ብቻ ቀርተው አገኛቸው። የኪራዩን ማሳ ለቀቀ። ከጋራው ቦይ የሚጠጣው ትንሹ መሬት ብቻ ተረፈው፤ ግማሹን የረሂማ ፓፓያ ይዞታል፣ ግማሹ የሽንኩርት መደብ ነው። ያ አላደርስ ሲል አይሱዙ ላይ ሽንኩርት መጫን ጀመረ። ለወጣት የሚከብድ ሥራ ነው፣ ለእሱማ ዕድሜውም ወገቡም አይሆንም።

ጫት ድሮም ይቅም ነበር፤ ሌሊት የውሃ ተራ ሲጠብቅ ወይም ዱዓ ላይ ሲቀመጥ ብቻ። አሁን ግን ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ከጫኞቹ ጋር ይቅማል፤ ያለ ጫት ከረጢቱ አይነሳም ይባባላሉ። ገንዘብ ያለ ቀን ደህናውን፣ የሌለ ቀን ሌሎች የጣሉትን ገራባ ለቃቅሞ ይቅማል። ምርቃናው ላይ እያለ ደግ ነው፣ ስለሚገዛው ሞተር፣ ስለሚያስተምራቸው ልጆች ያወራል። ጀንበር ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ምርቃናው ይወርድና ሰውነቱ ይኮማተራል፣ የልጅ ሳቅ እንኳ ጆሮውን ይወጋዋል። ምንም ያልቃመ ቀን ደግሞ ሐራራው ከቤት ቀድሞት ይገባል። እንደዚያ ባለ ምሽት ስም አይጠራም። ነሲባ የበሩን ድምፅ ትሰማና "ሳይጣራ መጥቷል" ብላ ናጅዋን በእጇ ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

ረሂማ ለመንገደኛ ፓፓያ ትሸጣለች። የደሴና የወልድያ መኪኖች መርሳ ሲቆሙ ፌስታሏን አንጠልጥላ ከመስኮት መስኮት ትሮጣለች። ፊቷ ያበጠ ቀን ሻሿን ዝቅ አድርጋ ትወጣና፣ የሚያውቋት ሴቶች ሲጠይቋት "ቸግሮት እኮ ነው" ትላለች። "ያ ሞተር ቢመለስ እኮ እሱ እንዲህ አልነበረም።" እሱም ተመትታ ባደረችበት ማግስት ይህንኑ ይላታል፦ "እጄ ላይ ቢኖር እኮ ረሂማ፣ እጄ ላይ ቢኖር።" ለሁለቱም የምትመች እምነት ነበረች። ማታ ማታ ሁለቱም አላህን የሚለምኑት የሽንኩርት ዋጋ እንዲወጣ ነው።

ዋጋው ወጣ። አንድ ዓመት ደላሎች ማሳ ድረስ መጥተው፣ ሽንኩርቱ ከመሬት ሳይነቀል ተሻምተው ገዙት። ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ልጆቹ ፍራሽ ተገዛላቸው፣ የቀረው ብር ለሞተር ተብሎ ረሂማ ዘንድ ተቀመጠ። እውነትም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት አብዱልጀሊል ከመንገድ ላይ ስም ጠራ። ነሲባ በሳምንቱ መጨረሻ "እናቴ፣ አለቀ በቃ?" ብላ ጠየቀች፤ ረሂማም "አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ" አለቻት።

አላለቀም። ብር ያለው ሰው ለብቻው አይቅምም። ቀድሞ ገራባ ሲለቅም ዞር የሚሉለት ሰዎች አሁን "አያ አብዱልጀሊል" እያሉ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ሞሉት። ጫቱን የሚገዛው እሱ ነው፣ ለስላሳውን የሚያስመጣው እሱ ነው። ሲሄዱለት ያው ኩምትር ያለው ሰውየ ብቻውን ይቀራል። እንግዲህ "ቸግሮት ነው" እንዳይባል አልቸገረውም። ረሂማ የምትለው አጣች።

አንድ ቀን ጀንበር ስትጠልቅ እንግዶቹ ተነስተው ሲወጡ፣ ከተቀመጠው ብር እንድትሰጠው ጠየቃት።

"የሞተሩ ነው" አለችው።

"የማን ነው?"

"የሞተሩ ነው አልኩህ፣ አብዱልጀሊል። አንተው ነህ ያልከው።"

እንግዶቹ ገና ግቢው ውስጥ ነበሩ፤ ሰሙ ብሎ አፈረ። እጁ አጠገብ የነበረውን ፔርሙስ አንስቶ ወረወረ። ነሲባ በዚያች ሰዓት ከጓዳ ብርጭቆ ለመሰብሰብ ስትወጣ ነበር። ፔርሙሱ ግንባሯን፣ ከቅንድቧ በላይ መታት። እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ በጣቶቿ መሃል የሚወርደውን ደም እንደ ሌላ ሰው ደም አየችው። ከዚያም አባቷን አየችው። አብዱልጀሊል ከዚህ ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን አስተያየቷን ነው፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ የምታውቀው ሰው መሆኑን ለማረጋገጥ የምትሞክር ትመስል ነበር።

ጤና ጣቢያ ተሰፋላት። በማግስቱ የረሂማ ታላቅ እህት ኢብቲሳም ከውርጌሳ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ በስፌት መኪናዋ የምትተዳደር፣ ነገር የማታጠማዝዝ ሴት ናት። የነሲባን ልብስ በአንድ ፌስታል ሰበሰበችና እጇን ይዛ ወጣች። አብዱልጀሊል በር ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ብትናገረው ይሻለው ነበር፤ ኢብቲሳም እንደ ግንድ ቆጥራው አልፋ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የነሲባ ስም መጥራት ተሳነው። ናጅዋን "እህትሽ" ይላታል። ልጅቱ ትመለስልኝ እንደሆነ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም፤ ውሃ ሲያከፋፍል ተራ እየተምታታበት ገበሬዎቹ ተጉረመረሙ። አገሩ እንደሚያደርገው ሽማግሌ ለመነ። ሸህ ዓሪፍ፣ በዕድሜም በዱዓም የሚከበሩት አዛውንት፣ እሺ አሉት። ያ ችግኙ የተጎዳበት ሞገስም አብሮ ሊሄድለት ተነሳ። አዲስ ቀሚስና ጫማ ገዝቶ፣ በሚኒባስ ተጭነው ውርጌሳ ወረዱ።

ኢብቲሳም በሥርዓቱ ተቀበለቻቸው፣ አስቀመጠቻቸውም። ሸህ ዓሪፍ ዱዓ አድርገው ሲጨርሱ "ልጅቱን ጥሪልን" አሉ። ነሲባ መጣች፤ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመች። አባቷ ጋ ስትደርስ ግን ቆመችና ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰች። ስፌቱ ወጥቶ ግንባሯ ላይ ቀይ መስመር ቀርቶ ነበር።

"ልጄ፣ አባትሽ አጥፍቷል" አሉ ሸህ ዓሪፍ። "ማጥፋቱንም በእኛ ፊት አምኗል። ሁለተኛ ላይለምደው ወላሂ ብሏል። አባት ነውና ይቅር በይው። ተነሺ፣ አብረን እንሂድ።"

ነሲባ የስፌት መኪናውን ጎማ በጣቷ ትንሽ አዞረችው። "ሸህ ዓሪፍ፣ ካልተቆጡኝ አባን አንድ ነገር ልጠይቀው?"

"ጠይቂ የኔ ልጅ።"

"አባ፣ የሰው ችግኝ ያበላሸ ሰው ማዳበሪያ ይዞልህ ቢመጣ ተቀብለህ ታውቃለህ?"

አብዱልጀሊል ጭኑ ላይ ያለውን የቀሚስ ፌስታል አየ።

"አላውቅም" አለ።

"ምን ትለዋለህ?"

"ተራህ ያልፋል እለዋለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"የተጎዳው እስኪያገግም።"

"ከዚያስ ማን ነው የሚከፍትለት?"

"የተበደለው።"

ነሲባ ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ሸህ ዓሪፍ ግን ደማቸው ፈላ፦ "ምን ጉድ ነው! ልጅ በአባቷ ላይ ትፈርዳለች እንዴ?" ሞገስ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ጉሮሮውን ጠረገና "እሷ አልፈረደችም፣ ሸህ ዓሪፍ። አንቱም ሰምተዋል፣ የፈረደው ራሱ ነው" አለ።

አብዱልጀሊል ተነሳ። "እውነቷን ነው፣ እንሂድ" አለ። ቀሚሱን ሊያስቀምጥ ሲል ኢብቲሳም "ይዘኸው ሂድ፣ ከመጣች ቤትህ ትለብሰዋለች" አለችው። በመንገድ ላይ ሸህ ዓሪፍ እስከ መርሳ አኮረፉ። እሱ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ያለቅስ ነበር፤ ሞገስ አይቶ እንዳላየ ሆነለት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ለገበሬዎቹ "የኔ ተራ ይለፍ" አላቸው። ምክንያቱን ሳይደብቅ ነገራቸው። "ልጄን አቁስያለሁ። ለእናንተ የፈረድኩትን ለራሴ ላልፈርድ ነው?" አሁን ይህ ሲሰሙት ልብ ይነካል፤ ረሂማን ግን አልነካትም። ማታ ስትሰማ ወገቧን ያዘች።

"ደግ ሠራህ! አንተ ስትቀጣ የምንራበው እነማን ነን? ፓፓያው ሲደርቅ ነሲባ የምትደሰት መስሎሃል?"

አላሰበበትም። ቅጣቱን ሲያስብ ስለ ራሱ ብቻ አስቦ ነበር፤ እንደ ወትሮው ማለት ነው። በማግስቱ ሞገስን ይዞ ገበሬዎቹ ዘንድ ተመለሰና ፓፓያው በረሂማ ስም ራሱን የቻለ ተራ እንዲያገኝ ጠየቀ። ለሴት ተራ ሰጥተው የማያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ቢያጉረመርሙም ተሰጣት። ረሂማ ራሷ ዶማ ይዛ ወርዳ ፓፓያዋን አጠጣች፤ ፓፓያውን የሸጠችበትም ገንዘብ ማን እጅ እንደሚቀመጥ ማንም አልጠየቃትም። የእሱ የሽንኩርት መደብ ግን ከጎኑ ደርቆ ይሰነጠቅ ጀመር።

ጫቱን የተወው እንዴት ነው ለሚል፣ መተዉን የጀመረው በናፍጣ ነው። ከአውራ ጎዳናው ዳር የውሃ ሞተር የሚጠግን ግርማ የሚባል መካኒክ አለ። ግርማ ዱሮ አረቄ ይጠጣ ነበር፤ ሚስቱ ጥላው ከሄደች በኋላ ተወው፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። አብዱልጀሊል ሄዶ ችግሩን ሲነግረው ግርማ ምክር ውስጥ አልገባም።

"ሐራራህ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው?"

"ከዙህር በኋላ ነው።"

"በል ከዙህር በኋላ እኔ ጋ ና። የተፈታ ሞተር ዕቃ በናፍጣ ታጥብልኛለህ። ናፍጣ በነካ እጁ ጫት የሚጎርስ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።"

ሄደ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያጥበው ብሎን ከእጁ እየወደቀ፣ እያዛጋ፣ እንቅልፍ እያዳፋው ይውላል። ግርማ በከፈለው ቁጥር ትንሽ ነው ብሎ ይቆጣል፤ ግርማ ደግሞ "ሂድና ሌላ ፈልግ" ይለዋል፤ ነገ ሁለቱም እንዳልተባለ ሆነው ይገናኛሉ። አንዴ ወድቋል። የድሮ ጓደኞቹ መንገድ ላይ ይዘውት ቀን ሙሉ ቃመ። ምርቃናው ሲወርድ ቤቱ አልሄደም፤ ግርማ ሱቅ ውስጥ ጎማ ተንተርሶ አደረና ጠዋት ለረሂማ "ትናንት ቅሜ ነበር፣ ለዚያ ነው ያልመጣሁት" አላት። ረሂማ ቁርሱን አቀረበችለት።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠው። ጫቱ ሲለቀው ቁጣውም አብሮ የሚለቀው መስሎት ነበር። አንድ ጠዋት፣ ምንም ሳይቅም፣ በደንብ በልቶ በደንብ ተኝቶ ሳለ፣ ናጅዋ ወተት ደፋችና እጁ ተነሳ። የገዛ እጁን አየር ላይ አየው። ናጅዋ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀብራ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ወጥቶ እስከ ቦዩ ድረስ ሄደ፣ እጁንም ፊቱንም ውሃ ውስጥ ነከረ። ድህነቱ አለ፣ ሐራራው አለ፤ ይህች እጅ ግን የራሱ ናት። የመጀመሪያ ቀን ነበር እንዲህ ብሎ ያሰበው። ተመለሰና መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ከስድስት ዓመት ልጅ ፊት፣ "ናጅዬ፣ አጥፍቻለሁ" አላት። "ወተት ነው የደፋሽው፣ ሌላ አላደረግሽም።" ናጅዋ በአንድ ዓይኗ አየችውና "እሺ" አለች።

በጋው ገፋ። የሽንኩርቱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኛ። የቤቱ ብር ናጅዋ በታመመች ጊዜ ለመድኃኒትና ለእህል አለቀ፣ የሞተሩ ነገር ተረሳ። ግርማም ሥራ ቀዘቀዘበት። አንድ ቀን አብዱልጀሊል ከሱቁ ባዶ እጁን ወጣ። ያን ዕለት ማሳው በኩል አልፎ ነበር፤ አንድ ሽንኩርት ነቅሎ ሲያየው እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ ኮስሶ ነበር። ገራባ የሚጣልበት ጥግ በመንገዱ ላይ ነው፤ እንዳያየው ወደ ሌላ እያየ አለፈ። ልቡ ተቃጥሏል፣ ሆዱ ባዶ ነው። ቤት ውስጥ ረሂማ አረማመዱን ሰምታ፣ ከልምድ፣ ፔርሙሱን አንስታ ከአልጋ ሥር ከተተችው።

እሱም መንገዱ ጠምዘዝ የሚልበት ቦታ ላይ ቆመ። አየር ሳበ። ድምፁ ሻካራ ሆኖ ወጣለት።

"ናጅዋ!"

"አቤት!" ብላ ልጅቱ በርራ ወጣች።

በማግስቱ ኢብቲሳም ስትደውል ናጅዋ ስልኩን ቀምታ ለእህቷ ወሬ ነገረቻት፤ ይህን አብዱልጀሊል የሰማው ኋላ ነው። "ሽንኩርቱ ደረቀ" አለቻት። "እናቴ ብር የለም ትላለች። አባ ትናንት ምንም ሳይዝ መጣ።" ከዚያም "ግን ስሜን ጠራው" አለች ናጅዋ።

ከዚያ በኋላ ባለው የገበያ ቀን አብዱልጀሊል ቦዩ ራስ ላይ ሆኖ ለሞገስ ውሃ ሲለቅለት፣ ሁለት ሴቶች በመደቦቹ መሃል ሲመጡ አየ። አንደኛዋ በአካሄዷ ኢብቲሳም ናት። ሌላይቱን ለጊዜው አላወቃትም፣ ረዝማ ነበር። ሲያውቃት ሊሮጥ አሰበ፣ ግን "ሄደህም እንዳትጨቀጭቀው" ብሎ ለስዩም የተናገረው ትዝ አለውና ባለበት ቆመ።

ኢብቲሳም ወደ ረሂማ ቤት አለፈች፤ ነሲባ በደረቀው መደብ ዳር ቆመች። ግንባሯ ላይ ያለው መስመር ነጥቷል። "አሰላሙ አለይኩም" አለች።

"ወአለይኩም አሰላም።"

"ዛሬ የማነው ተራ?"

"የሞገስ ነው" አለ። "ከእሱ ቀጥሎ ግን... ያለፈ አለ።"

ሞገስ ካለበት ሆኖ "የኔን ጨርሻለሁ" አለ። ውሸት ነው፣ ማሳው ግማሹ ገና ደረቅ ነበር።

ነሲባ እጇን ዘረጋች። አብዱልጀሊል ዶማውን በእጀታው በኩል አቀበላት፤ እጁ እንዳይነካት ተጠነቀቀ። እሷም ጎንበስ ብላ የቦዩን አፈር ሦስት አራት ጊዜ ቆፈረችለት። ውሃው መጀመሪያ በስንጥቁ ውስጥ ተሰወረ፤ ከዚያ ሞልቶ፣ ገለባና ደረቅ ቅጠል እየገፋ በመደቡ ላይ ተንሸራተተ።

"ሽንኩርቱ እኮ ሞቷል፣ አባ።"

"ይሁን" አለ። "መሬቱ ይጠጣ። ሌላ እንተክልበታለን።"

ዶማውን መለሰችለት። "አክስቴ እቤት ትጠብቀኛለች፤ ነገ ትምህርት አለኝ" አለችና ሄደች። የመጣችው ለማደር ይሁን ለሰላምታ አልነገረችውም፣ እሱም አልጠየቀም። ውሃው ጥግ ድረስ እስኪደርስ መቆየት ነበረበት። ቆየ። ሞገስ አጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ፣ ሁለቱም ውሃውን ሲያዩ ቆዩ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ቤት አመራ። በመንገድ ላይ ብዙ አሰበ፤ ሄዳ ይሆናል፣ የውርጌሳ መኪና እስካሁን አይጠፋም፣ ብትሄድም መብቷ ነው። መንገዱ የሚጠማዘዝበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ከግቢው የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የማን እንደሆነ መለየት አቃተው። ናጅዋን መጥራት ይችል ነበር፣ እሷ እንዳለች እርግጠኛ ነው። አፉን ከፈተና ያንን ወራት ሙሉ ከአፉ ያላወጣውን ስም፣ እንደ ፈራ ሰው፣ ቀስ ብሎ ጠራው።

"ነሲባ።"

ድምፁ በሩ ጋ የሚደርስ አልነበረም። ልጅቱ ግን ግቢው አጥር ላይ ክንዷን አስደግፋ ቆማ ነበር፤ አዲሱን ቀሚስ ለብሳዋለች፣ ክንዱ ትንሽ አጥሯታል።

"አቤት" አለች።